አስራ ዘጠኝ የክብሪት ቀፎ

ስሚማ የኔ እህት፣ ይቺን ሳልነግርሽ ከዋልኩ አፌን ይበላኛል። ጸሐይወርቅን ምናልባት አታውቂያትም። ከመካኒሳ አቦ ወረድ ብላ ባለችው ትንሽዬ ክሊኒክ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራ የነበረችው ቀጭኗ ልጅ ናት። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ጋዋኗ ለሁለት እሷ ይበቃል። ላብራቶሪ ስልሽ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ መስኮት፣ አለቀ። ማይክሮስኮፑ መብራት የለውም፤ ከሥሩ ያለችውን መስታወት ወደ ፀሐይ አዙረሽ ነው የምታዪበት። ደመና የሆነ ቀን ቁጭ ነው።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሦስት ዓመተ ምህረት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ከምሥራቅ ጀርመን ሬናተ የምትባል የሕክምና ተማሪ መጣች። አገሯ መጽሐፍ ላይ ብቻ ያየችውን የሞቃት አገር በሽታ እዚህ በእጇ ነክታ፣ በዓይኗ አይታ ትማር ተብላ ነው የተላከችው። ይዘዋት የመጡት ዶክተር ሃይነር ክሊኒኩ በር ላይ ቆመው የተናገሩት ነገር ነው እንግዲህ ጸሐይወርቅን ልቧን የሰቀለው። ሬናተ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ ቤት መርምራ ሪፖርት ትጽፋለች፤ ሥራው ካማረ፣ እሷን ያስተማረችው ልጅ ደግሞ በመስከረም እነሱ አገር ሄዳ ስድስት ወር ትማራለች። ያስተማረችው ልጅ ማለት ጸሐይወርቅ ናት። አስቢው፣ ከአዲስ አበባ ርቃ ሄደች ቢባል ደብረ ዘይት ነው፣ እሱም ለሠርግ።

የሁለቱም እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ ነው፤ ስብርባሪው ገጠመላቸው መሰለኝ ተግባቡ። ጸሐይወርቅ ስታስተምር ያ ዝምታዋ የት እንደሚገባ እንጃ። ሬናተ ናሙናውን በስስዋ የመስታወት ቁራጭ ላይ እንደ ቅቤ ስታወፍረው እጇን ቸብ ታደርጋታለች። ከሥሩ ጋዜጣ አድርጊ፣ ፊደሉ ካልታየሽ ወፍሯል ማለት ነው ትላታለች። ሬናተም ጋዜጣ ዘርግታ፣ የማታነበው ፊደል ላይ እያፈጠጠች ስታቀጥን ትውላለች።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መዝገቡ ስብሰባ ጠርተው፣ ከተመረጡት ሠላሳ ቤቶች ከየቤቱ የአንድ ሰው ሰገራ በክብሪት ቀፎ ተደርጎ ሰኞ እንዲቀርብ አዘዙ። ያኔ ዕቃው ክብሪት ነው፣ ሌላ የለም። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ።

ጸሐይወርቅን ያስፈራት ሌላ ነው። ሠላሳውም ንጹሕ ቢሆንስ? ሬናተ ምን አይታ ምን ትጽፋለች? ይህንኑ ለዙሌካ አወራቻት። ዙሌካ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሰፈሩ ውስጥ የማታንኳኳው በር የለም። ሰምታ ሰምታ፣ ለኔ ተዪው አለቻትና ሻርፗን አስተካክላ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሠላሳውም ቀፎ ከች አለ፣ የቀረ የለም። ሬናተ አንዱን ስትከፍት ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የፓስታ ቁራጭ የመሰለች ነገር ስትንቀሳቀስ አየች። ኮሶ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሆድ ውስጥ የሚያድገው ያ ረጅሙ ትል። ሌላ ከፈተች፣ ኮሶ። በሁለት ቀን ጨርሰው ሲቆጥሩ ከሠላሳው አስራ ዘጠኙ ኮሶ። ሬናተ ከደስታዋ ብዛት ጸሐይወርቅን አቅፋ ከመሬት አነሳቻት። አስተማሪዎቼ በዕድሜያቸው ያላዩትን በሁለት ቀን አየሁ አለች። አርብ ከሰዓት ዶክተሩ ሪፖርቱን ሊያዩ ይመጣሉ፣ ቅዳሜ ለአስራ ዘጠኙም የትል መድኃኒት ይታደላል። ጸሐይወርቅ በሐሳቧ ሻንጣ መግዛት ጀምራለች።

ረቡዕ ቁጭ ብላ መድኃኒት የሚሰጣቸውን ሰዎች ስም በንጹሕ ወረቀት ትገለብጣለች። ቁጥር አስራ አንድ፣ እማማ ተናኘ። እማማ ተናኘ እኮ ጥርሳቸው ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ ሽሮም የሚበሉት ቀጥኖ ነው። እንዴት ነው ነገሩ ብላ አለፈችው። ቁጥር አስራ አራት፣ የአስቴር ልጅ። እስክሪብቶዋ እዚያው ቆመ። የአስቴር ልጅ አምስት ወሩ ነው። ከእናቱ ጡት በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም። የትኛው ሉካንዳ ቤት ገብቶ ነው ቁርጥ የበላው?

ዙሌካን ከፋብሪካ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ዙሌካ አልካደችም፤ እንዲያውም ኮራ ብላ ነው ያወራችላት። ቤት ለቤት ዞራ፣ እንግዳዋ ትል ፍለጋ ከባሕር ማዶ መጥታ ባዶ እጇን አትመለስ፣ የኛም ልጅ ዕድሏ አያምልጣት ብላ ለምናለች። ሰዉ ደግሞ የራሱን ለፈረንጅ መስጠት አፍሯል። ማን ይሻላል ሲባል ላቀው ተገኘ፣ ሥጋ ሻጩ። ላቀው በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጣ፣ ይህንንም እንደ ማዕረግ የሚያወራ ሰውዬ ነው። እሁድ ዕለት ለአገር ክብር ነው እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አደለ።

«የአስቴር ልጅ እኮ ጥርስ የለውም» አለች ጸሐይወርቅ።

«ታዲያ ሰፈሩ ሁሉ ሲደርሰው እሱ ምን በወጣው ይቅር?» አለች ዙሌካ።

እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ሪፖርቱ ያማረ ነው፣ መስከረም ላይ አውሮፕላን ነው። ግን ቅዳሜ ያ ሕፃን በሌለበት ትል መድኃኒት ሊውጥ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ለሬናተ ነገረቻት። እንግሊዝኛው ሲያልቅባት ሥዕል ሣለች፦ ባለ ጢም ወፍራም ሰውዬ ቢላ ይዞ፣ ከሆዱ አስራ ዘጠኝ ቀስት ወጥቶ ወደ አስራ ዘጠኝ ቤት ሲሄድ። ሬናተ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው። ፊቷ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ። እንባዋ ሊመጣ ሲል ሰውዬውን በጢሙ አወቀችው፤ ሥጋ የምትገዛው ከሱ ነው። ያኔ ሳቋ መጣ። ጸሐይወርቅም ተከተለቻት፤ ካርድ ክፍል የሚሠራው በንቲ ምን ሆኑ ብሎ በሩን ከፍቶ እስኪያይ ድረስ ሳቁ።

ከዚያ ባዶ ቀፎ በከረጢት ይዘው ሠላሳውን ቤት እንደገና ዞሩ። ጸሐይወርቅ በየቤቱ ቁጭ እያለች፣ ስለ ልጁም ስለ ከብቱም እየጠየቀች፣ ነውር እንዳልሆነ ስታስረዳ ዋለች። እማማ ተናኘ ግን ሞቼ ነው ቆሜ ብለው እምቢ አሉ። ይኼኔ ሬናተ ከቦርሳዋ አንድ ቀፎ አውጥታ አሳየቻቸው፤ ላዩ ላይ የራሷ ስም ተጽፏል፣ ባዶም አይደለም። እማማ ተናኘ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁና፣ ለካ ፈረንጅም እንደኛው ናት ብለው ተቀበሉ። ወሬው ከሁለቱ ልጆች ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ እምቢ ያለ የለም።

አርብ ማለዳ ቀፎዎቹ መጡ። ሁለቱ ፀሐይዋን እየተሻሙ፣ አንዷ ስታቀጥን አንዷ እያየች፣ ምሳ ሳይበሉ ጨረሱ። ኮሶ ሦስት፣ ወስፋት ስምንት፣ ጃርዲያ አራት፣ ሌላው ንጹሕ። የአስቴር ልጅ እንደ ውሃ ንጹሕ። ከአራቱ ጃርዲያዎች የአንዱ ባለቤት ማን ብትሆን ጥሩ ነው፣ ራሷ ሬናተ።

ዶክተሩ መጥተው ሁለት ሪፖርት ቀረበላቸው፣ አንዱ በቀይ የተሰረዘ። የተሰረዘውን አገላብጠው አዩና፣ ይሄ የበለጠ ብዙ አግኝቷል፣ ለምን ተጣለ ብለው ጠየቁ። ሬናተ ወደ ጸሐይወርቅ ዞረች። ጸሐይወርቅ ያጠናችው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፍቷት የቀራት አንድ አረፍተ ነገር ነው።

«ሕፃን ልጅ ቁርጥ አይበላም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ታሪኩን ከሥር መሠረቱ ካስነገሩ በኋላ፣ ለሬናተ በቋንቋቸው ረዘም አድርገው አንድ ነገር ተናገሩና ያንን ላቀው የሚባል ሰው አሳዩኝ አሉ። ላቀው በክብር ተቀበላቸው፤ ቁርጥም ከነአዋዜው አቀረበ። ዶክተሩ እጁን ጨብጠው በትሕትና ወደ ኋላ አሉ። ቅዳሜ መድኃኒቱ ሲታደል ሰልፉ ፊት የቆመው ማን መሰለሽ፣ እሱው ነው።

ሬናተ አገሯ ገባች። ሰኔ ላይ ጓድ መዝገቡ ማኅተም የበዛበት ፖስታ ይዘው ክሊኒኩ ድረስ መጡ፤ ጸሐይወርቅ ተመርጣለች። ጋዋኗን ሳታወልቅ ዙሌካ ቤት ሮጠች። ተቃቅፈው ሲጨርሱ፣ ከዚያ አገር ምን ላምጣልሽ ብላ ጠየቀቻት። የዙሌካን መልስ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

«ምንም አታምጪልኝ። ብቻ እዚያ ሄደሽ ቀፎ ሲሰጡሽ የራስሽን ስጪያቸው፤ እዚያ ላቀው የለም።»