ያላነከሰው በሬ

መንደሩ «ባለበሬዋ» ይላታል። በሬዎቹ የባሏ ናቸው፤ የሷ ድርሻ ምላሷ ነው፤ እሱም ከጥማዱ ይበልጣል እያሉ ይስቁባታል።

አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ከልጆቿ ጋር የቀረችው የሟቹ ግንበኛ ሚስት ናት። በሬ የላትም፤ ሴት እርፍ ብትጨብጥ ደግሞ ሰው ይስቅባታል። ስለዚህ ግንበኛው ከሞተ ወዲህ ማሳዋን የሚያርስላት የባለበሬዋ ባል ነበር። እሷም በምላሹ በአረም ጊዜ ሁለት ሳምንት ጎንበስ ብላ ታርምላቸዋለች።

አምና ባልየው የጎረቤቲቱን የመጀመሪያ ዙር እርሻ ጨርሶ እያፏጨ ቤቱ ገባ። ባለበሬዋ ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም። ቅናት አንጀቷን አሳረረው።

ዝናቡ ጥሎ ባልየው የራሱን ማሳ ዘርቶ ሲጨርስ ጎረቤቲቱ በአጥሩ ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ዘሬን አዘጋጅቻለሁ። ጋሼ ነገ ይደርስልኝ ይሆን?»

«በሬው ያነክሳል።»

«ውይ! የትኛው?»

«የግራው። ምነው፣ ልታክሚው ነው?»

ባልየው ይህን ሲሰማ «አንቺ ሴትዮ፣ በሬው እንደ ባለሥልጣን እየተጎማለለ አይደል እንዴ የሚሄደው!» አለ።

«እዚያ ማሳ ከገባህ እዚህ ቤት አትገባም!» አለችው። እሱ ደግሞ ለጭቅጭቅ ጉልበት የሌለው ሰው ነው።

ስድስት ቀን ሙሉ «ገና አልዳነም» አለቻት። በሰባተኛው ቀን ዝናቡ ቀጥ አለ። ጎረቤቲቱ በዶማ ቆፍራ የዘራችው ጥጋ ጥጉን ብቻ ነበር፤ በቆሎውም ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ከአጥሩ ማዶ ጭስ የሚታየው በቀን አንዴ ሆነ። ባለበሬዋ አንድ ቁና በቆሎ ይዛላት ሄደች። ሴትየዋ መርቃ ተቀበለቻት፤ ምርቃቱ ከስድብ ባሰባት።

ዘንድሮ ሰማዩ ገና ሲዳምን ራሷ ተነስታ ሄደች።

«ከኛ በፊት ያንቺ ይታረስ ብያለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጠሁት እኮ፤ ለሦስት ዓመት።»

«ምን? በግማሽ? ግማሹ ለልጆችሽ ምን ይሆናል?»

«ምን ላድርግ? ከብት መታመሙ አይቀር። አምና ጋሼን ስንቴ አሳቀቅሁት! አራሹ እንኳን ሦስት ጥማድ አለው።»

ባለበሬዋ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «አይዞሽ» የሚል ብቻ ነበር።

ቤት ስትደርስ ባሏ ቀንበር እያጠበቀ ነበር። «እሺ አለች?»

«የራስህን እረስ» አለችው።

በመከር አራሹ ድርሻውን በአህያ ጭኖ በደጇ ሲያልፍ ቆማ አየችው። ውሉ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ እነግራታለሁ» እያለች ትነሳለች፤ እስካሁን አልነገረቻትም።