በፎሌ የወረደችው ቮልስ

ማስነሻው ሞተሪኖ ይጮሃል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። መገርሳ ቁልፉን ለአራተኛ ጊዜ አዞረ። ከኋላው የቆመው የሚኒባስ ሹፌር ጡሩንባውን ለቀቀውና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ፋዘር! ይቺን ሙዚየም አስገባትና እኛን አሳልፈን!"

"ከምትጮህ ወርደህ ብትገፋ አይሻልም?" አለ መገርሳ።

መንገደኞች ተሰብስበው ገፉለት። ተገፍታም አልተነሳችም። ጉድ ነው! በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ይቺ ሰማያዊ ቮልስ ተገፍታ እምቢ ያለችበትን ቀን መገርሳ አያስታውስም። እየተገፋች አየር ጤና ያለው የራሱ ጋራዥ ድረስ ገባች፤ እሱም መሪውን ይዞ በሰው ፊት በሃፍረት ላብ ታጠበ።

ቮልሷ የወዳጁና የደንበኛው የጋሽ ዱባለ ነበረች። እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ አሁን ባለቤቷ ልጃቸው ራዕይ ነው። ራዕይ ትናንት ጠዋት መጥቶ ትንሽ ካርቶን መገርሳ እጅ ላይ አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ ፑንቲናውን አውጥተው ይህን ይግጠሙልኝ። ኤሌክትሮኒክ ነው፤ በሰው ከውጭ አስመጥቼው ነው።"

ፑንቲና ማለት ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት የምትቆርጥና የምትቀጥል፣ ጥፍር የምታህል ብረት ናት። ትበላለች፤ በየሦስት በየአራት ወሩ ክፍተቷ ካልተስተካከለ መኪናው ያስላል። ሌላው መካኒክ በመለኪያ ያስተካክላታል። መገርሳ ግን ከክብሪት ቀፎ ወረቀት ይቆርጥና በመሃሏ አስገብቶ ይለካል፤ የቀረውን በጆሮው ይጨርሰዋል። በዚህች ሥራ ከአስራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ዘነበወርቅ ስሙ ይነሳል። እና ይህ ልጅ መጥቶ "ያውጡልኝ" አለው! ከፋው። ግን ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ገጠመለት።

ደግሞም ልክ አድርጎ ነው የገጠመው፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። ቀዩ ሽቦ በቦታው፣ ጥቁሩ በቦታው። ዛሬ ሊሞክራት እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሲነዳት እንደ ስፌት መኪና ነበር የምትሄደው። ሲመለስ መንገዱ ተቆፍሮ ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ። መገርሳ ደግሞ የሰው ቤንዚን ማቃጠል አይወድም። እንደ ልማዱ ማርሹን ነፃ አድርጎ ፎሌ አስገባ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ መሪው እንዳይቆለፍበት ቁልፉን መልሶ ከፈተና ፍሬን እየያዘ እየለቀቀ ቁልቁለቱን ተንሸራተተ። ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ በኋላ ነው ሞተሯ እምቢ ያለው።

ልጁ ሜቲ ከጋራዡ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ቮልሷ ስትገፋ አይታ መጣች። ካርቶኑን ከወንበሩ ላይ አንስታ ውስጡ ያለውን ወረቀት ዘረጋች።

"አባዬ፣ ይሄን አላነበብከውም?"

"ምን ይላል?"

"'ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፉን ከፍታችሁ አትተዉ፤ ዕቃው ይቃጠላል' ይላል። በትልልቁ ተጽፏል እኮ! ትናንት ለምን አልጠየቅከኝም?"

መገርሳ መፍቻውን አነሳ። ሠላሳ ዓመት መካኒክ ሆኖ የኖረ ሰው እንግሊዝኛ አንብቢልኝ ብሎ ልጁን አይለምንማ! ኩራት ራት አይሆንም ቢባልም፣ ኩራት የሌለው መካኒክም የለም።

ዕቃውን የሸፈነውን ክዳን ከፍቶ ሲያወጣው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተው። በገዛ እጁ። ለሰው ቤንዚን ሲሳሳ የሰው ዕቃ አቃጠለ። አሮጌዋን ፑንቲና ከመሳቢያው አወጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረጋት፣ መልሶ ገጠማት። ቮልሷ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች።

"በቃ ዝም በል" አለች ሜቲ ቀስ ብላ። "ክዳኑን ማን ይከፍተዋል?"

"ሌላ መካኒክ ይከፍተዋላ። ከአራት ወር በኋላ የሆነ ቦታ ትቆማለች። ሲከፍቱት ፑንቲና ያገኛሉ። ያኔ 'መገርሳ ዕቃውን ሰርቆ ሸጠው' ነው የሚባለው።"

"ዛሬ ከነገርከው ደግሞ 'አላዋቂ ነው' ይልሃል።"

"አውቃለሁ። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ሜቲ።"

እንዲህ ይበል እንጂ ገና አልቆረጠም። ሌባ ከመባል አላዋቂ መባል ይሻላል ብሎ ልቡን ለማሳመን ሲታገል ራዕይ ደረሰ። የቮልሷን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ በራ።

"ሰማችሁ? አንዲት ሳል የላትም! ቴክኖሎጂ ማለት ይሄ ነው! ጋሼ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያ የክብሪት ወረቀትዎ እንዲህ ያስኬዳታል?"

መገርሳ ወደ ሞተሩ ጠቆመ።

"ያስኬዳታል" አለ። "ይኸው እያስኬዳት ነው።"

ሞተሩን አጥፍቶ ክዳኑን ከፈተና አሳየው። የተቃጠለውንም መዳፉ ላይ አኖረለት። ሁሉንም ነገረው፤ ሰልፉን፣ ፎሌውን፣ ያልተነበበውን ወረቀት።

"ቤንዚን ለማትረፍ?" ራዕይ ይሳቅ ይናደድ ግራ ገባው። "የስንት ብር ቤንዚን ነው እሱ፣ ጋሼ?"

"የራሴ ቢሆን ኖሮ አላጠፋውም ነበር። ያንተ ስለሆነ ነው።"

ራዕይ መኪናዋን አንዴ ዞራት። ሲመለስ ንዴቱ ጠፍቶ ነበር፤ መገርሳን ያሳሰበውም ይኸው ነው።

"ግድ የለም። ክዳኑን ይዝጉት። ድምጿ እንደሆነ አንድ ነው፣ ማንም አይለየውም። እየሸጥኳት ነው።"

"የአባትህን መኪና?"

"ቆማ ዝጋ ከምትበላ ምን ላድርጋት? አቶ ኃይለመስቀል የሚባሉ ሰው ሊገዟት ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ናት ብዬ ተስማምተናል። 'መካኒኳን አነጋግሬ ነው የምወስነው' ስላሉ የእርስዎን ስም ሰጠኋቸው። ያወቁ እንደሆነ አይገዙም፣ እርስዎም የተቃጠለውን ይተኩልኛል። ካላወቁ ግን ሁላችንም ሰላም ነን።"

መልስ አልጠበቀም። ስልኩን ደወለ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፈተና መገርሳ እጅ ላይ አስቀመጠው።

"ጋሽ መገርሳ ነዎት?" አለ የሰውዬው ድምፅ። "ስለ እጅዎ ብዙ ሰምቻለሁ። እኔ እንኳ ስለ ቮልስ ብዙም አላውቅም፤ የምገዛት እርስዎን አምኜ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሆናለች አይደል?"

ሜቲ በዓይኗ 'አዎ በለው' አለችው። መገርሳ ደሞዟን ያውቀዋል፤ የራሱንም ገቢ ያውቀዋል፤ ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ ደግሞ መገመት አያቅተውም። ራዕይ በትዕግሥት ፈገግ ብሎ ቆሟል፤ የዱባለ ልጅ ሰው እንዲህ እንዲዋሽለት ይጠይቃል ብሎ መገርሳ በሕልሙም አስቦ አያውቅም።

"ፑንቲና ናት፣ ወንድሜ" አለ ጮክ ብሎ። "ኤሌክትሮኒኩን እኔ አቃጥዬዋለሁ። ፑንቲናዋን የገጠምኩትም እኔው ነኝ።"

ራዕይ ስልኩን ነጠቀው። "ሄሎ! ሄሎ!" እያለ ሲጣራ ሰውዬው ዘግቷል።

"አባቴ ጓደኛዬ የሚለው እርስዎን ነበር!"

"ነበርኩ" አለ መገርሳ። ክዳኑን ገጥሞ ቁልፉን ዘረጋለት። "የተቃጠለውን እተካልሃለሁ፣ እንደምንም ብዬ። ቮልሷን ግን ከዛሬ ጀምሮ ወደኔ እንዳታመጣት።"