መሪጌታ ይኄይስ በሰው ብስክሌት ሊማሊሞን እንደ ወረዱ

ፍርሃት የተባለው የነፍስ ደዌ፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ እንደ ወባና እንደ ተስቦ ያገኘውን ሁሉ በአንድ መልክ የሚይዝ አይደለም፤ በጦር ሜዳ ደረቱን ገልጦ የቆመውን ጀግና በገዛ ጓዳው በአይጥ ያስበረግገዋል፥ ጥላውን አይቶ የሚሸሸውን ፈሪ ደግሞ ለልጁ ሲል ከነብር ጋር ያተናንቀዋል። ሊቃውንት ስለ ጠባዩ ብዙ ጽፈዋል፥ ከጻፉትም ይልቅ ብዙ ተከራክረዋል፤ እኔ ግን ለክርክር ዕድሜም ትዕግሥትም የሌለኝ ሰው ስለሆንሁ፥ የፍርሃትን ባሕርይ ሊመረምር የሚሻ ሁሉ ብራና ከሚገልጥ ይልቅ አንድ ጊዜ በማያውቀው ብስክሌት ሊማሊሞን ይውረድበት እላለሁ። ቀልድ እንዳይመስልህ። ከዚህ በታች የምተርከው ሰው ወርዶበታል፥ ያውም በቅኔው እንጂ በእግሩ ፍጥነት ተመስግኖ የማያውቅ ሰው ነው።

ጠላት አገር ለቆ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፥ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ባለች አንዲት መንደር መሪጌታ ይኄይስ የሚባሉ፥ በዜማ የተመሰገኑ፥ በቅኔ የተፈሩ፥ በአስታራቂነትና በአጽናኝነት የተከበሩ ሊቅ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳል ከብዙ ዓመት ናፍቆትና ከብዙ ስእለት በኋላ ጸንሳ፥ በአንድ የጥቅምት ማለዳ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ነገር ግን እልልታው ገና ከጆሮ ሳይጠፋ አዋላጇ ፊቷ አመድ መስሎ ከጓዳ ወጣችና፥ የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላም ደሙ አልቆም እንዳለ፥ እርሷም የምታውቀውን ሁሉ ሞክራ እጇን እንዳነሣች ተናገረች። መሪጌታም ልጃቸውን እንኳ ሳይስሙ በበቅሏቸው ላይ ተፈናጥጠው ያን አቀበት ያለ ርኅራኄ ጋለቡት፤ ምስኪኗ በቅሎ ደባርቅ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና የከተማውን ሰው ከሚያክመው ከድሬሰር ገሠሠ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ ቀረች። ድሬሰሩ ነገሩን እንደ ሰማ ደም የሚያቆም መድኃኒት በትንሽ ብልቃጥ ሰጣቸው፤ እርሱ ራሱ አብሮ እንዳይወርድ ግን አንድ እግሩ በጀሶ ታስሮ በርጩማ ላይ ተሰቅሏል፥ በዚያም ቀን ቁልቁል የሚሄድ መኪና አልነበረም።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዋጠችው ትተርፋለች፤ ከዚያ ካለፈ ግን ዋስ አልሆንም» አለ ድሬሰሩ። «ከግድግዳው ሥር ብስክሌቴ አለች። መንዳት ያውቃሉ፥ መሪጌታ?»

«ጎንደር ሳለሁ ጥቂት ነድቻለሁ፥ ልጄ።»

«ይህቺ ከዚያኛዋ ትለያለች። በእጅ የሚጨበጥ ፍሬን የላትም፤ ማቆም ሲሹ ፔዳሉን ወደ ኋላ ይርገጡ። ወደ ኋላ! ካቴናው፥ ይህ ሰንሰለቷ፥ ከወለቀ ግን የሚይዛት ነገር የለም» አለና፥ በጀሶ የታሰረውን እግሩን እያሳየ፥ «እኔን ያየ ይቀጣ» ብሎ ጨመረበት።

መሪጌታም ብልቃጧን በጥጥ ጠቅልለው ከብብታቸው ሥር ሸጎጧት፥ ሦስት ጊዜ አማተቡ፥ «ምን አማራጭ አለኝ!» አሉና ወጡባት። ከከተማው እስከ ገደሉ አፍ ያለው ሜዳ ደግ ነበር፤ ጥምጥማቸውን ሳይስቱ፥ ውሾች እያጀቧቸው፥ የመንገድ ሰው አፉን ይዞ እያያቸው በክብር አለፉ። ሊማሊሞ ከእግራቸው ሥር ድንገት ሲከፈት ግን ልባቸው ስንጥቅ አለች፤ ያ በተራራው ደረት ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ጉም የሚሰወር መንገድ፥ በበቅሎ ሲወጡበት ግንብ የነበረ፥ አሁን በመንኰራኵር ሲወርዱበት ጉድጓድ ሆኖ ታያቸው። በቀኝ የተፈለፈለው አለት፥ በግራ ወሰን የሌለው ዐዘቅት፤ በመካከልም ለእርሳቸው ሥጋ ደንታ የሌላት ያቺ የብረት ፍጡር። የገዛ እጃቸውም ከዳቸው፥ ምክንያቱም መንገዱ ባዘቀዘቀ ቁጥር የለመዱትን የጎንደሩን ፍሬን ፍለጋ ጣታቸው አየሩን ይጨብጣል፥ ወደ ኋላ መርገጥ ትዝ የሚላቸውም ጠመዝማዛው ከፊታቸው ከደረሰ በኋላ ነው። በጭንቀታቸው ብዛት ብስክሌቷን እንደ በቅሎ «ቀስ በይ እናቴ፥ ቀስ በይ» እያሉ ይለማመጧት ጀመር። በአለቱ ጫፍ ተደርድረው ሣር የሚነጩት ጭላዳዎች እንኳ መንጨታቸውን ትተው እስኪያልፉ ድረስ አዩዋቸው። ቢሆንም ብልቃጧ ከብብታቸው ሥር በተነካች ቁጥር አምሳል ትታሰባቸዋለችና ከብስክሌቷ አልወረዱም።

ከመንገዱ አጋማሽ ጥቂት አለፍ እንዳሉ፥ ሁለት ሰዎች በበቅሎ ሽቅብ ሲመጡ አዩ፤ አቶ ውብነህ የሚባሉ የመንደራቸው ጎረቤትና የእኚሁ ጎረቤት ታናሽ ወንድም ነበሩ፥ ኩታቸውንም ጥለቱን ሽቅብ አድርገው በሐዘን አለባበስ ለብሰዋል። ሰዎቹ መሪጌታን እንዳዩ ከበቅሏቸው ወረዱ፥ ከመንገድም ዳር ቆመው እጅ ነሡ፤ መሪጌታም በመከራ አቁመው፥ ሐዘንተኛ አይተው እንዲሁ ማለፍ ነውር ነውና፥ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በወገባቸው አደገደጉ።

«እንደ ምን ዋላችሁ? ወዴት ነው?»

«ወደ ደጋ፥ ለቅሶ ለመድረስ ነው፥ መሪጌታ» አሉ አቶ ውብነህ ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ።

«ቤት … አምሳልስ?»

«ደህና ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደህና ናቸው። አይዞዎ፥ ብቻ ቀስ ብለው ይውረዱ፥ ምንም አያስቸኩልዎ» አሉና፥ የመሪጌታን ክንድ ጨበጥ አድርገው፥ በቅሏቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

ወይ ይህ «ደህና ናቸው» የሚሉት ቃል! በአገራችን የሞት ወሬ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ ሟቹ የተቀበረበት ሰው እንኳ ቢሆን፥ ወገን ተሰብስቦ፥ ጎሕ ሲቀድ ከደጁ ቆሞ መርዶውን እስኪያረዳው ድረስ፥ ያገኘው ሁሉ ይሸነግለዋል፥ ያባብለዋል፥ «ደህና ናቸው» እያለ በለዘበ ቃል ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። ይህንንም ወግ ከመሪጌታ ይኄይስ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ አውራጃ አልነበረም፤ ስንቱን መንገደኛ በዚያው በለዘበ ድምፅ፥ በዚያው በተሰበረ ዐይን፥ ክንዱንም በዚያው አጨባበጥ ይዘው ሸኝተዋል! ስለዚህ ቃሉን እንደ ሰሙ ትርጓሜውን ለማንም አልጠየቁም። የአምሳል አጎቶች የሚኖሩት በደጋ ነው፤ እነ ውብነህ ወደ ደጋ ይወጣሉ፤ እንግዲህ መርዶ ነጋሪዎች ናቸው፥ አለቀ። ዘወር ብለው «የማን ለቅሶ ነው?» ብለው ቢጣሩ ነገሩ በአንድ ቃል ይለይ ነበር፤ ነገር ግን በጉባኤ መካከል ማንንም የማይፈሩት ሊቅ ያቺን አጭር ጥያቄ ፈሩ። በብስክሌቷ ላይ ወጡ፥ በወገባቸው ያገለደሙትን ነጠላ መልሰው ማጣፋትንም ረሱት።

የረሱትም ነጠላ አልማራቸውም። ጥቂት እንደ ወረዱ ዘርፉ ተፈትቶ ከካቴናው ገባ፥ ካቴናው ጎርሶ ጎተተው፥ አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ከጥርሱ ወልቆ ተንጠለጠለ፤ መሪጌታም ወደ ኋላ ቢረግጡ እግራቸው በባዶ ዞረ፥ ደግመው ቢረግጡ በባዶ ዞረ። «ኧረ ድረሽልኝ እመቤቴ!» ብለው የጮኹት ጩኸት ገደሉን ዞሮ ሳይመለስ ብስክሌቷ ነፋስ ሆነች። ጥምጥማቸው ተፈትቶ በረረ፥ ጠጠሩ ከመንኰራኵሩ ሥር እንደ ቆሎ ተፈነጠረ፥ ዐይናቸው በዕንባ ታውሮ መንገዱና ሰማዩ ተደባለቀባቸው፤ የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ በምን ተአምር እንዳለፉት እርሳቸውም አያውቁ፥ እኔም አላውቅም። ሁለተኛው ሲመጣ ከዳር ያለው ድንጋይ ፈርሶ፥ ከፍራሹ ወዲያ ባዶ አየር ብቻ ነበረ። ያን ጊዜ ለነፍሳቸው አልጸለዩም፤ አንድ እጃቸውን ከመሪው ለቀው ብብታቸውን ጨበጡ፥ ብስክሌቷንም በሌላው እጃቸው ወደ ቀኝ አንጋደው መንገድ ጠራጊዎች ከከመሩት አፈር ላይ ተወረወሩ።

ከአፈሩ ውስጥ ቀና ሲሉ ጉልበታቸው ተገሽልጦ፥ ግንባራቸው ደምቶ ነበር፥ አጥንት ግን አልተሰበረም፤ ብልቃጧም ደህና ነበረች። ከዚያ ሥር የመንደራቸው ጣሪያ ሁሉ በግልጥ ይታያል፥ ፀሐይም ገና ከምዕራብ ተራሮች በላይ ናት፤ በእግር ቢሮጡ እንኳ ይደረሳል። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ተነሥተው አልሮጡም። ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፥ ተቀምጠውም ቀሩ፤ ምክንያቱም እዚህ እስከ ተቀመጡ ድረስ አምሳል ትኖራለች፥ ከደጃፉ የደረሱ ጊዜ ግን ትሞታለች። እንዲህ ያለውን ስሌት ፍርሃት እንጂ ሌላ መምህር አያስተምርም። መድኃኒቱ ለሕያው ነው፥ ሕያውም ከሆነች በየትንፋሹ እየዘገዩባት ነው፤ ይህንን ኅሊናቸው ነገራቸው፥ እግራቸው ግን አልሰማ አለ። ጆሯቸውን ወደ መንደሩ አቅንተው ዋይታ ይሰማ እንደ ሆነ አዳመጡ፥ ነፋሱ ምንም ባላመጣላቸው ጊዜም ዝምታውን የባሰ ፈሩት። ሐፍረትም ተሰማቸው፥ ሐፍረቱም ቢሆን አላስነሣቸውም።

በዚህ ሁኔታ ሳሉ ከታችኛው ጠመዝማዛ አንዲት አሮጊት በትር ይዘው እያለከለኩ ብቅ አሉ። አማታቸው እመት ድንቄ ነበሩ፤ እንደ ወጉም አማች ይከበራልና፥ ልጃቸውን ከዳሩለት ቀን ጀምሮ በመሪጌታ ፊት ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ቆመው፥ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው ተናግረው የማያውቁ ጨዋ ሴት ናቸው። አማቻቸውን ከድንጋዩ ላይ ባዩ ጊዜ ግን እንደ ተገተሩ ቀሩ፥ ሻሻቸው ከራሳቸው ወልቆ ወደቀ፥ ጎንበስ ብለውም አንድ ጓል አንሥተው ወረወሩባቸው።

«አንተ ልበ ቢስ! አንተ የወንድ አልጫ! ልጄ ደሟ እየፈሰሰ፥ ስምህን እየጠራች፥ አንተ ድንጋይ ላይ ተጎልተህ ቅኔ ትቆጥራለህ? ሊቅ ነው ብዬ ልጄን የሰጠሁህ እኔ ልደፋ! ምን ያፈጥብኛል ደግሞ! ተነሣ፥ አንተ ጎታታ!»

መሪጌታ ስድቡን እንደ ሰሙ ፊታቸው በራ። የቃሉን ትርጉም ከመመርመራቸው በፊት የቁጣውን እሳት አወቁት፤ ስንት መርዶ ተናግረው፥ ስንት ቤት ለቅሶ ውለው፥ ሚስት በሞተችበት ባል ላይ ጓል የሚወረውር ሰው ከቶ አላዩምና። «እሰይ! እሰይ እመቴ! ይጨምሩልኝ!» አሉ እያለቀሱ፥ ከድንጋዩም ተፈናጥረው ተነሡ። እመት ድንቄ ሰውየው አበደ ብለው አማተቡ፤ ቢሆንም ስድቡን አላቋረጡም፥ እርሳቸው ከኋላ በበትር እያመለከቱ፥ አማቻቸው ከፊት በደማ ጉልበት እየዘለሉ፥ አቋራጩን የፍየል መንገድ ቁልቁል ወረዱት። ብስክሌቷ ከአፈሩ ላይ እንደ ተጋደመች ቀረች፥ ማንም ዞሮ አላያትም።

አምሳል መድኃኒቱን ስትውጥ የፀሐይዋ ጠርዝ ተራራውን ነክቶ ነበር፤ ከንፈሯ እንደ ፈትል ነጥቶ፥ እጇ ቀዝቅዞ፥ ባሏን እያየች የምታውቀው አይመስልም ነበር። አዋላጇ በእግሯ በኩል፥ መሪጌታ በራሷ በኩል ተቀምጠው ጠበቁ፥ ያ ጥበቃም ከገደሉ ይልቅ የሚያስፈራ ነበር። በመጨረሻ አዋላጇ ጨርቁን ገልጣ አየች፥ ደግማ አየች፥ «ቆሟል» አለች። መሪጌታ የዚያን ጊዜ ልጃቸውን ተቀብለው ሳሙ።

በሳምንቱ፥ እነ አቶ ውብነህ ከደጋ ተመልሰው የአንድ ሽማግሌ ዘመዳቸውን ለቅሶ ደርሰው እንደ መጡ፥ መሪጌታንም በልስላሴ ያነጋገሩት በጭንቀታቸው አዝነው ብቻ እንደ ነበረ ከታወቀ በኋላ፥ እመት ድንቄ ነውራቸው አላስተኛ ብሏቸው በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ከአማቻቸው ደጃፍ ቆሙ። መሪጌታ ሮጠው ድንጋዩን አወረዱና ከእግራቸው ሥር ወደቁ፤ «እመቴ፥ በዚያ መንገድ ላይ ያከበሩኝ ሰዎች ከድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፥ እርስዎ ተሳድበው አስነሡኝ፤ እንግዲህ ማን ነው ይቅርታ የሚለምነው?» አሉ። ከጓዳው አምሳል የልጇን ልቅሶ ማባበል ቢያቅታት፥ «ሁለታችሁም ዝም በሉና አንዳችሁ ልጅቷን ያዙልኝ!» ብላ ጮኸችባቸው፤ ሁለቱም እየተሽቀዳደሙ ገቡ። ሰው የሚቆጣው ተስፋ ባልቆረጠበት ሰው ላይ ነውና፥ ቁጣ ከሚሰማበት ቤት ሕይወት ገና አልወጣችም።