የጋሽ ጥሩሰው ሰላምታ

ጋሽ ጥሩሰው ማመስገን ከጀመሩ የሚያስቆማቸው የመብራት መጥፋት ብቻ ነው። ይህን የምለው በክፋት አይደለም። እኛ የሆሳዕና ከተማ ሰዎች ለመናገር ስንነሣ አስቀድመን እናመሰግናለን። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ማስታወቂያ ሊናገር ወጥቶ፣ አመስግኖ አመስግኖ፣ ማስታወቂያውን ረስቶ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። እኔ ግን ለዚህ የሚሆን ትዕግሥት አልተሰጠኝም። እናቴ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" የሚለውን ተረት ለእኔ ብቻ የተተረተ አስመስላ በየቀኑ ታነሣዋለች።

ሥራዬ እዚሁ ከተማ፣ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ ነው። መምህራኑ ያዘጋጁትን ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ ተቀብዬ የኦንላይን መማሪያው ፕላትፎርም ላይ እጭናለሁ። የሚከታተሉት የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ናቸው። ከሙዱላ፣ ከአዲሎ፣ ከአንጋጫ፣ ቀን እያስተማሩ ሲመሽ በስልካቸው ይማራሉ።

ጋሽ ጥሩሰው የሚሰጡት ትምህርት የአንደኛ ክፍል ልጆችን ማንበብ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ነው። ከእሳቸው ሌላ የሚሰጠው ሰው የለንም። ዘንድሮ ታዲያ አንገታቸው ላይ ለዓመታት የቆየው እንቅርት አደገና አዲስ አበባ ሄደው በኦፕራሲዮን እንዲወጣላቸው ተወሰነ። ሐኪሙ አልደበቃቸውም፤ "ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል" አላቸው። ፊደልን በአፋቸው ለሚያስተምሩ ሰው እንዲህ ይባላል? እኔ ብሆን ቤቴን ዘግቼ አለቅስ ነበር። እሳቸው በማግሥቱ ቢሮዬ መጥተው ቁጭ አሉ።

"ርብቃዬ፣ ልጄ" አሉኝ፣ "ድምፄ ሳለ ቅጂው። ልጆቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ እንዳይቀሩብኝ።"

እሺ ብዬ ካሜራውን ተከልኩ። ጋሽ ጥሩሰውም ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና ማመስገን ጀመሩ። መጀመሪያ እግዚአብሔርን። ቀጥለው በሀዲይኛ፣ በከምባትኛና በአማርኛ ሰላም አሉ። ከዚያ ሠልጣኞቹን በየስማቸው፤ "ሙዱላ ያለሽው ሃቢባ፣ እናትሽ ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ? አዲሎ ያለኸው ቲቶ፣ አዲሱን ክፍላችሁን ቆርቆሮ አለበሳችሁት?" ከዚያ የሠልጣኞቹን ባሎችና ሚስቶች፣ ልጅ እየያዙ ስለሚያስጠኗቸው። ከዚያ ጄኔሬተር ያስነሣውን የኮሌጁን ዘበኛ። በመጨረሻ እኔን። ትምህርቱ የሚጀመረው እኔ ወንበሬ ላይ ስቁነጠነጥ ቆይቼ ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ ትምህርት ላይ! አንዴ ከተጀመረ ግን እንዴት ያለ አስተማሪ ናቸው! ፊደሏን ከከንፈራቸው ሲያወጧት እኔ ራሴ፣ ድሮ ማንበብ የቻልኩት ሴትዮ፣ አብሬያቸው አፌን እከፍታለሁ።

ችግሩ ፕላትፎርሙ ነው። ከተፈቀደለት መጠን ያለፈ ፋይል ሲመጣበት ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ይመልሰዋል። የሠልጣኞቹም ኔትወርክ ረጅም ቪዲዮ አይችልም።

"ጋሼ፣ ሰላምታው መቆረጥ አለበት" አልኳቸው።

"ትምህርቱ ይበልጣል" አሉ። "ቁረጪው።"

ቅር እንዳላቸው ገብቶኛል። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። የመጨረሻውን ትምህርት ሳንቀዳው የኦፕራሲዮኑ ቀን ደረሰና ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለች ጋር ሊሄዱ ሆነ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ እየተንቀሳቀሰ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሻንጣቸውን የጫነላቸውን ተሸካሚ ያመሰግኑ ነበር።

ከመናኸሪያ ተመልሼ ሰላምታውን ከየቪዲዮው ላይ ቆረጥኩ። አልሰማሁትም፤ "እንግዲህ ወደ ትምህርታችን" የሚሉበትን ቦታ እየፈለግኩ ከዚያ በፊት ያለውን ማንሣት ብቻ ነው። ሁሉንም ጫንኩ። ፕላትፎርሙ አንድም ቀይ ጽሑፍ ሳያሳየኝ ተቀበለኝ። ሥራ ማለት ይህ ነው ብዬ ኮራሁ።

በማግሥቱ ሃቢባ ከሙዱላ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ሃቢባ የነጋዴ ልጅ ናት፤ የአባቷን ሱቅ ለወንድሞቿ ትታ አስተማሪነትን የመረጠች። "ትምህርቱ ተከፍቶልናል፣ እናመሰግናለን። ግን ጋሼ ምን ሆኑ? ሰላም እንኳ አላሉንም" ትላለች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቸኩያለሁ። "ትንሽ አሟቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ናቸው፣ አታስቡ" ብዬ መለስኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ይህን የሚያነብ ያገሬ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን አፉ ላይ እንደሚጭን አውቃለሁ። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው መቼ ሞተ ይባላል? ሩቅ ላለ ዘመድ "ትንሽ አሞት ሆስፒታል ነው፣ አታስብ" ነው የሚባለው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሃቢባ የጋሽ ጥሩሰውን ስልክ ሞከረች፤ ዝግ ነው። አዲሎ ቲቶ ጋ ደወለች፤ እሱም ዘንድ ሰላምታ የለም። ጋሽ ጥሩሰው በሕይወት እያሉ ሰላም ሳይሉ ያስተምራሉ? አያስተምሩም! ኮሌጁ የተረፈውን ድምፃቸውን ለቃቅሞ ነው የጫነልን አሉና ወሬውን ለሁሉም አዳረሱት።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ቢሮዬን ልከፍት ስደርስ የኮሌጁ ግቢ ጥቁር ለብሶ ጠበቀኝ። በመጀመሪያው መኪና የመጡ ሠልጣኞች ናቸው። አንዷ ንፍሮ በፌስታል ይዛለች። ሃቢባ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"እንዴት ትደብቂናለሽ?" አለችኝ እያለቀሰች።

ቲቶ ደግሞ፣ ያ ረጅሙ የአዲሎ አስተማሪ፣ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና "ድንኳኑ የት ነው?" አለኝ።

"የምን ድንኳን? ጋሼ ደህና ናቸው!" ብል ማን ይመነኝ። "ደህና ነው" ማለትም የዚያው የመርዶ ቋንቋ ነው።

"እንግዲያው ድምፃቸውን አሰሚና" አለ ቲቶ።

እትዬ አስካለች ጋ ደወልኩና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። "ኦፕራሲዮኑ አልቋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። "ግን ገና ድምፅ አላወጣም። ሐኪሙም አትናገር ብሎታል።" ይኼኔ ግቢው በለቅሶ ተናጋ። እትዬ አስካለች ተጨነቁና በቪዲዮ ላሳያችሁ አሉ። ኔትወርኩ ተንቀረፈፈ፣ ተንቀረፈፈና ነጭ አንሶላ ብቻ አሳይቶን ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸት አልነግራችሁም።

ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት ነገር ትዝ ያለኝ። ከኮምፒውተሬ ላይ አላጠፋሁትም ነበር። የአዳራሹን ስፒከር አስወጥቼ በሩ ላይ አቆምኩና ከመሄዳቸው በፊት በመጨረሻ የቀዳነውን ሰላምታ ከፈትኩት። ያን ቀን ካሜራውን አብርቼ ስልክ ላነሣ ወጥቼ ስለነበር እኔም ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

"ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ" አለ የጋሽ ጥሩሰው ድምፅ። "ነገ ለኦፕራሲዮን አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ስመለስ ድምፄ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የምሰናበት ሳይመስላችሁ ዛሬ አብዝቼ ላመስግናችሁ። ወደፊት ዝም ብል፣ ማመስገን የተውኩ አይምሰላችሁ። ድምፁ ነው የሚጠፋው። ሙዱላ ያለሽው ሃቢባ።"

"አቤት ጋሼ" አለች ሃቢባ፣ እንባዋ እየወረደ።

"አዲሎ ያለኸው ቲቶ።"

"አቤት።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁሉንም ጠሩ። ስሙ የተጠራ ሁሉ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ አቤት ይላል። አንድም ሰው አልቀረም። እኔ በሩን ተደግፌ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለሰዎቹ ሁሉን ነገር አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር እኮ! መልእክቱን መንገድ ላይ ያስቀረሁት እኔና ፕላትፎርሙ ነን።

ሲያልቅ መጀመሪያ የተናገረው ቲቶ ነው። "ይኼ ሰው አልሞተም" አለ ረጋ ብሎ። "ቢሞት ኖሮ ርብቃ ይህን ስታሰማን ታለቅስ ነበር።"

"እያለቀስኩ እኮ ነው!" አልኩት ተናድጄ። እሱም ሳቀ፣ ሃቢባም ሳቀች፣ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ንፍሮውን እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን በላነው።

ሠልጣኞቹ ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዳቸው ለጋሽ ጥሩሰው ሰላምታ በድምፅ ቀዱ። ያንን በትምህርቱ ገጽ ላይ ጫንኩት። በዚያ ገጽ ላይ ሠልጣኝ ያዘጋጀው ነገር ሲገባ የመጀመሪያው ነው። እትዬ አስካለች ስልካቸው ላይ ከፍተው ለጋሼ ጆሯቸው ሥር አደረጉላቸው። ሲሰሙ በእጃቸው ብቻ፣ እንዲህ ደረታቸውን እየነኩ፣ ያመሰግኑ ነበር አሉኝ።

ጋሽ ጥሩሰው የተመለሱት ቁስላቸው ከዳነ በኋላ ነው። ድምፅ አላቸው፤ ግን ቀጭንና ሻካራ፣ ቶሎ የሚደክም። ሐኪሙ በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲናገሩ ፈቅዶላቸዋል። ያልተቀዳው የመጨረሻ ትምህርት ደግሞ ይጠብቃል፤ ያለ እሱ ሠልጣኞቹ ፈተና መቀመጥ አይችሉም። ካሜራው ፊት ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረግ ሳያደርጉ በቀጥታ "እንግዲህ ወደ ትምህርታችን" አሉ።

ካሜራውን አቆምኩት።

"ምነው ልጄ? ተበላሸ?"

"ጋሼ፣ አልጀመሩም እኮ" አልኳቸው። "አላመሰገኑም።"

"ድምፄ ለሁለቱም አይበቃም" አሉ።

"ትምህርቱ ነገ ይደርሳል" አልኳቸው። ይህ ከእኔ አፍ ወጣ! እናቴ ብትሰማ አታምንም።

ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ከዚያ ጀመሩ፤ እግዚአብሔርን፣ ሃቢባን፣ ቲቶን፣ የሠልጣኞቹን ባሎችና ሚስቶች፣ ዘበኛውን፣ ሐኪሙን፣ ንፍሮ ያመጣችውን ሴት ሳይቀር። አልተቁነጠነጥኩም። በማግሥቱ ትምህርቱን ቀዳን። ሠልጣኞቹም ተፈትነው አለፉ።

ሰላምታው አሁንም ረጅም ነው እላለሁ፤ ለሁለት ከፍዬ ነው የጫንኩት። ፕላትፎርሙ ላይ አንዱ ፋይል ተደምጦ ሳያልቅ ቀጣዩ እንዳይከፈት ማድረግ ይቻላል። እኔም እንደዚያ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ያልሰማ ሠልጣኝ ትምህርቱ አይከፈትለትም። እስካሁን ያማረረ የለም። መጨረሻው ላይ የሚጠሩት የእኔን ስም ነው። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ያልቅና ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከካሜራው ጀርባ የአንዲት ሴት ድምፅ "አቤት ጋሼ" ይላል። እሱን አልቆረጥኩትም።