ያልወረደው ቁጥር

ቤተሰቦቿ «ብሎን» ይሏታል። በልጅነቷ እጇ የገባውን ዕቃ ሁሉ ፈታትታ መልሳ ስትገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋት ስለነበር የወጣላት ስም ነው። ተምራ የኮምፒውተር ባለሙያ ከሆነች በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። በተለይ ታላቅ እህቷ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ነርስ፣ በሰው ፊት ሳይቀር በዚሁ ትጠራታለች።

ሆስፒታሉ ሥራውን የሰጣት በእህቷ በኩል አይደለም፤ ሌላ የሚደፍረው ሰው ስለጠፋ ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙባቸውን የማሞቂያ ሳጥኖች ሙቀት እየለቀመ በስክሪን የሚያሳይ አንድ ኮምፒውተር ነበር። አርጅቷል፤ ሥራ መሀል እየጠፋ ነርሶቹን አሳር ያበላቸዋል። በአዲስ እንዳይተኩት ደግሞ ሳጥኖቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ የተጻፈው ለድሮው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቻ ነው። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። ብሎን ያንን ድራይቨር መስመር በመስመር አንብባ ለአዲሱ ሲስተም እንደገና ጻፈችው። ባዶ ሳጥን ላይ ሞከረችው፤ ሠራ። ደግማ ሞከረችው፤ አሁንም ሠራ።

የመቀየሪያው ቀን ረፋድ ላይ ዳይሬክተሩ ራሳቸው መጥተው ቆሙ። ብሎን አሮጌውን አጠፋች፤ ገመዶቹን ከግድግዳው ሥር ጎትታ ወደ አዲሱ አዛወረች። ስክሪኑ በራ፤ የሳጥኖቹ የሙቀት ቁጥር ተደርድሮ ወጣ።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ያንን ጉድ ወደ ዕቃ ቤት ውሰዱልኝ።»

«ትንሽ ይቆይ ዶክተር» አለች ብሎን። ለምን እንዲህ እንዳለች እሷም አታውቅም።

ዳይሬክተሩ ሐኪሞቹን እየጠሩ አዲሱን ስክሪን ሲያሳዩ፣ ሲያስጨበጭቡ፣ ጊዜው ሄደ። እህቷ ጭብጨባው አልቆ ሥራዋን እስክትቀጥል ቸኩላለች። ጥግ ላይ ወዳለው ሳጥን ሄደች፤ መስኮቱን ከፍታ የሕፃኗን ዳይፐር መቀየር ጀመረች። ብሎን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። መስኮት ሲከፈት የሳጥኑ ሙቀት በትንሹም ቢሆን መውረድ አለበት። የጥጉ ሳጥን ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ጠበቀች። አሁንም ያው ነው። ክው አለች።

«እትዬ፣ ውስጡ ይሞቃል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጓንትሽን አውልቂና ንኪው እስቲ። ቶሎ በይ!»

እህቷ መዳፏን ፍራሹ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ የሕፃኗ እግር ላይ፣ ከዚያ ደረቷ ላይ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቀዝቅዛለች! ይቺ ልጅ ቀዝቅዛለች! ስክሪኑ ስንት ነው የሚለው?»

«ሠላሳ አራት። እንደ ቅድሙ።»

ገመዶቹ ሲጎተቱ የሳጥኑ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ላልቶ ኖሮ፣ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ከወጣ በኋላ ተነቅሏል። ሳጥኑ ጠፍቷል። የራሱ ደወል ባትሪው ካለቀ ሰንብቷል፤ ሁሉም የሚተማመነው ችግር ሲኖር ኮምፒውተሩ ይጮሃል ብሎ ነው። ብሎን ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። በድሮው ሲስተም አንድ ሳጥን መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ሲስተሙ ራሱ ደወል ያስጮህ ነበር። አዲሱ ግን ዝም ያለውን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ የእሷ ድራይቨር ደግሞ የመጨረሻዋን ቁጥር ይዞ እሷኑ ደጋግሞ ያሳያል። ስትሞክረው አንድም ቀን መሰኪያ ነቅላ አላየችም።

«እናትየውን ጥሩልኝ!» ጮኸች እህቷ።

እናትየው በባዶ እግሯ ከኮሪደሩ ሮጣ ገባች። እህቷ ጥያቄ ሳትጠብቅ የእናትየውን የሌሊት ልብስ ከፍታ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ብርድ ልብስ ደራርባ ሸፈነቻቸው። እናትየው ትንፋሿን እንኳን ጮክ አድርጋ ለማውጣት የፈራች ትመስላለች።

ዳይሬክተሩ ወደ ብሎን ዞሩ። «አስተካክዪው እንጂ! እዚሁ አይስተካከልም?»

ይስተካከላል። የትኛው መስመር ላይ ምን እንደሚጨመር ታውቃለች። ግን ትናንትም አውቃለሁ ብላ ነበር።

«ይስተካከላል፤ እነዚህ ልጆች ላይ ግን አልሞክርም» አለችና ወደ ነርሶቹ ዞረች። «ስክሪኑን ማንም እንዳያምነው! የሁሉንም ልጅ ሙቀት በእጃችሁ ለኩ። የትኛው ቁጥር እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

ዳይሬክተሩ ሐኪሞቻቸው ፊት እንዲህ መባሉ አልተዋጠላቸውም።

ብሎን ገመዶቹን ወደ አሮጌው መልሳ ማብሪያውን ተጫነች። አጉረመረመና ጠፋ። ደግማ ተጫነች፤ ጠፋ። ከኋላዋ «ይሄ ደህና ነው!»፣ «ይቺም ደህና ናት!» የሚል ድምፅ ይሰማታል። «በናትህ» አለችው ኮምፒውተሩን፣ እንደ ሰው። በስንት መከራ ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ቁጥሮቹ እየተንጠባጠቡ ወጡና መሰኪያው ገና ያልተመለሰለት የጥጉ ሳጥን ተራ ሲደርስ ጩኸቱ ክፍሉን ሰነጠቀው። ያንን ጩኸት የዚያን ቀን ያህል ወዳው አታውቅም።

ሕፃኗ እስክትሞቅ ማንም ምሳ አልሄደም። በመጨረሻ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀጭን የለቅሶ ድምፅ ወጣ፤ ያኔ እናትየው ራሷ ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ልበላት?» አለች እህቷ ኮሪደሩ ላይ፣ ብሎንን ሳታያት።

«እኔ ነኝ የምነግራት።»

ነገረቻት፤ ምንም ሳታስቀር። እናትየው እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «ያየሽውም አንቺ ነሽ አሉ» አለች። አልመረቀችም፣ አልረገመችም። ብሎን ቤት እስክትደርስ ይሄው ቃል ጆሮዋ ላይ አቃጨለ።

ድራይቨሩን እንደ አዲስ ጽፋ የመለሰችው ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚህኛው ዙር ፈታኟ እህቷ ሆነች። ባዶ ሳጥኖች አንድ ክፍል ውስጥ አስደርድራ «ፊትሽን አዙሪ» አለቻት። መሰኪያ ነቀለች፤ ጮኸ። የሌላውን ገመድ ጎተተች፤ ጮኸ። ሳይነገራት አዲሱን ኮምፒውተር ራሱን አጥፍታ አበራችው፤ ተነሥቶ የተነቀሉትን እየለየ ጮኸ። ብሎን እህቷ አሁን ትስቃለች ብላ ጠበቀች።

እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እሺ ብሎን» አለቻት። «አሁን ደግሞ ሌላ በምን በኩል ሊዋሸን እንደሚችል ንገሪኝ።»