ጃንጥላ ይዞ የሚሮጠው ሰውዬ

መስካት፣ ቦሻር ሰፈር፣ ማዳም ኢልሃም ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ሸምሲያ እጅ ላይ ነው። ማዳም የገዛቻቸው አራት ሥዕሎች ከካርቶን ሲወጡም መስታወታቸውን የወለወለችው ሠራተኛዋ እሷ ናት። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን የአውሮፓ ጋዜጦች ሲያሾፉ ያወጧቸው ሥዕሎች ናቸው፤ አሁን በትልቁ ታትመው፣ ወርቅማ ፍሬም ገብቶላቸው፣ ለሳሎን ጌጥ ይሸጣሉ። አንዱ ላይ ቦርጫም ጄኔራል ኤሊ ጋልቧል። ሁለቱ ላይ ሹማምንት ካርታውን እንደ ሐብሐብ ይቆራርጣሉ። አራተኛው ላይ አንድ ሐበሻ በባዶ እግሩ፣ ጠመንጃውን በአፈሙዙ ይዞ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ይሮጣል። ከንፈሩ ከፊቱ ይበልጣል።

“ያገርሽ ሰው ነው!” አለች ማዳም። “ላንቺ ብዬ ነው የመረጥኩት። ደስ አይልም?”

“ደስ ይላል ማዳም።”

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ በቀለለ።

ሐሙስ እንግዶች መጡ። ሸምሲያ ቴምር ይዛ ስትገባ አንዷ ሥዕሉን አየች፣ ሸምሲያን አየች፣ “አባትሽ ነው?” አለቻት። “በዕድሜው አያቷ ይሆናል” አለች ሌላዋ። ተሳቀ። ማዳምም ስቃ ሥዕሉ ሥር አቆመቻትና ፎቶ አነሳቻት። ሸምሲያ ከነቴምሯ ቆመች።

አይደለም እንዳትል ማስረጃ የላትም። ቅድመ አያቷ ከወሎ፣ ከደጋን ተነስተው ማይጨው ዘምተው እዚያው ቀርተዋል። መቃብራቸው አይታወቅ፣ ፎቶግራፍ የላቸው። በባዶ እግራቸው መሄዳቸውን ግን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ስለ ጃንጥላው የሚያውቅ የለም።

እዚያው መስካት፣ አል አንሳብ ሰፈር የምትሠራው ጓደኛዋ ሱፊያ ይህንን በስልክ ስትሰማ በሳቅ ሞተች።

“አንቺ፣ ሥዕል ነው እኮ! አይተሽ እንዳላየሽ እለፊው፣ ኻላስ።”

“እኔማ አልፋለሁ። ሳቁ ነው የማያልፈው። በዚህ ሐሙስ ደግሞ የወንድሟ አማቾች ይመጣሉ። ሥሩ ልትገትረኝ ነው።”

“ለማዳም ንገሪያታ።”

“ምን ብዬ? ያመጣሽልኝ ስጦታ አዋረደኝ ልበላት?”

“እሱስ አይባልም” አለች ሱፊያ። “ዘዴ አታጪም ግን አንቺ።”

አላጣችም። በዚያ ቤት ከማዳም በላይ የባሏ እናት፣ ሁሉም “ማማ” የሚሏቸው አሮጊት አሉ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ የሚሰግዱት ወንበር ላይ ነው፤ ወንበሩን ወደ ቂብላ አዙራ የምታስቀምጥላቸው ሸምሲያ ናት። ቦታቸው ሁልጊዜ ሳሎን፣ መስኮቱ ጋ ነው። መነጽራቸው በየሄዱበት ስለሚጠፋባቸው የሥዕሎቹን መምጣት እንኳ አልሰሙም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሰላት ግን ወንበሩ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብሎ፣ መነጽሩም ተወልውሎ ላዩ ላይ ጠበቃቸው።

“መስኮቱ ጋ ይሞቃል ማማ” አለች ሸምሲያ።

ማማ ተቀመጡ፣ መነጽሩን ሰኩ፣ ቀና አሉ። ጃንጥላ የያዘ ሰው እየሮጠ መጣባቸው።

“አዑዙ ቢላህ! ማነው ይሄ?”

“ያገሬ ሰው ነው ማማ” አለች ሸምሲያ፣ መሬት መሬት እያየች።

“የማንም አገር ይሁን! በምስል ፊት ይሰገዳል? ኢልሃም!”

ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ግድግዳው ባዶውን ቀረ። ሸምሲያ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋችና ብቻዋን ሳቀች። መስካት ከመጣች እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ጄኔራሉም ሹማምንቱም ጋራዥ ወረዱ። ሸምሲያ ክፍሏ ገብታ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታሽ፣ በሩ ተከፈተና ማዳም አራተኛውን ፍሬም ታቅፋ ገባች።

“ይሄንንስ ጋራዥ ለመጣል አልጨከንኩም” አለች። “ያንቺ ነው። እዚሁ ይሁንልሽ።”

ሸምሲያ አይሆንም ልትል አፏን ከፈተች። ክፍሏ ውስጥ የሚስቅ ሰው አልነበረም። መስታወቱን ስትወለውል ከርማ ፊቱን ግን በደንብ ያየችው ገና አሁን ነው። ከንፈሩንና አፍንጫውን የሳለው ፈረንጅ ነው፤ ዓይኑን ግን ፈረንጁም ማበላሸት አልሆነለትም። ዓይኑ የፈራ ሰው ዓይን ነው፤ ከአገሩ ርቆ፣ የሚገባበት የጠፋው። ከሳሎን ያስባረረችው ራሷ እንደሆነችም ትዝ አላት፣ እንባዋም መጣ።

ደጋን ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚጠብቅ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። ሸምሲያ ሳታስበው ብድግ ብላ ቆማለች።

“ኖር” አለች።

“ምን አልሽ?” አለች ማዳም።

“ምንም ማዳም። እዚህ ጋ ይቀመጡ” አለች፣ ወደ ሥዕሉ ሰውዬ ዞራ ከትራሷ ጎን ቦታ እየለቀቀች።

ማታ ለዒሻ ሰላት ስትቆም ፊታቸውን በሻሿ ሸፈነችላቸው። ሰግዳ ስትጨርስ ገለጠችላቸው።