አውራጅ ያጣ ቃሬዛ

«ቴፑን ክፈቱትና እንስማው!» አለ የኦክጂን አጎት ዶክቤ፣ የሩዝ ጠላውን አስቀምጦ።

ኦክጂን ሻካራውን የሐዘን ልብስ እንደለበሰች፣ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር ቀና አለች። ቴፑ ጥቂት ተንኮሻኮሸና የሟቹ የማንሱ ድምፅ ለቅሶ ቤቱን ሞላው። ግቢ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«በቃ፣ ነገ ቃሬዛው ፊት ይሄን እናስጮኸዋለን» አለ ዶክቤ። «በጂንዶ ደሴት ከወንድሜ ሌላ ዜማ አውራጅ አልቀረም። እሱ ደግሞ ይኸው ተኝቷል።»

«አጎቴ፣ ሰው ለገዛ ቀብሩ ያወርዳል እንዴ?»

«ታዲያ ማን ያውርድለት?»

«እኔ።»

«አንቺማ ሐዘንተኛ ነሽ። ሐዘንተኛ ከኋላ ሆኖ ያለቅሳል እንጂ ከፊት ሆኖ አይጠራም። ደግሞ ያ የሴኡል የሮክ ዘፈንሽ ለሬሳ ይሆናል? ሙቱን ልታስነሺው ነው?»

ሾርባ የምታድለው አሮጊቷ ጎረቤት ኩትሱን ጭልፋዋን አነሳች። «ተዋት እንጂ! ይቺን ያዋለድኩ እኔ ነኝ። ስትወለድ ብትጮህ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ማዕበል መጣ ብለው ጀልባቸውን ጎተቱ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ደሴት ሐዘንተኛውን ያላሳቀ ለቀስተኛ፣ ለቅሶ ደረሰ አይባልም። ኦክጂንም ሳቀች፤ እንባዋ ግን ሳቋን ቀድሞት ወረደ።

በልጅነቷ ከአባቷ በስተግራ ነበር የምትሄደው። እሱ ቃጭሉን እያቃጨለ ከቃሬዛው ፊት ያወርዳል፣ ተሸካሚዎቹ ይቀበሉታል። የትምህርት ቤት ልጆች «የሬሳ ነጂ ልጅ» እያሉ አብረዋት አይበሉም ነበር። አባቷ ግን እንባዋን በእጅጌው ይጠርግና፣ «ስሚኝ ልጄ» ይላት ነበር፤ «ትከሻ ላይ ሸክም እያለ ዝም አይባልም። ድምፅሽ ከተቆረጠ እግራቸው ይቆማል፤ ዳገት ላይ እግር ከቆመ ቃሬዛ ይወድቃል። ፊታቸውን አትይ፣ እግራቸውን እይ።»

ቀብሩ ሲያልቅ ሣር ነቅላ የምታቀብለው እሷ ነበረች። እሱም የቃጭሉን ምላስ በሣሩ ያስረዋል። የቀብር ቃጭል እየጮኸ ቤት አይገባማ።

አድጋ ሴኡል ገባች፣ ሮክ ዘፋኝ ሆነች። አንድ ጊዜ ዘፈኑ መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ጊታሩ ሁሉ ድዳ ሆነ። እሷ የሕዝቡን እግር አየችና ማውረዷን ቀጠለች፤ አዳራሹ በሞላ ተቀበላት። ስሟ የተጠራው ያን ጊዜ ነው። የሬዲዮ ጠያቂው ይህን ድምፅ ከየት አመጣሽው ሲላት ግን፣ «ከውጭ አገር ሸክላ» ብላ መለሰች።

«አባቴ ሰምቶኝ ነበር?» አለቻት አሁን ኩትሱንን፣ ቀስ ብላ።

«እዚሁ መረብ ሲጠግን ሰማሽ እንጂ። ‹ውሸቷን ነው› አለ። ከዚያ ዘፈንሽ ሲጀመር ሬዲዮኑን ከፍ አደረገና፣ ‹ግን ትንፋሿን ስሙት፤ ዳገት ላይ አትቆርጥም!› አለን።»

ኦክጂን ተነሳች። ቃጭሉን ከፎቶግራፉ ሥር አንስታ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ቃሬዛው ወጣ። ዶክቤ ቴፑን ታቅፎ ከፊት፣ ኦክጂን ከኋላ ሆኑ። ሜዳው ላይ ደህና ነበር። ዳገቱ ሲጀመር ግን ተሸካሚዎቹ አለከለኩ። ቴፑ እግር አያይ! ሜዳ ላይ የተቀዳ ዜማውን ያጣድፋል። አንዱ ሲራመድ ሌላው ተደናቀፈ፣ ቃሬዛው ወደ ገደሉ አዘመመ።

«ኧረ ያዙት!» ጮኸ ዶክቤ።

ኦክጂን ከኋላ ሮጣ ከፊት ቆመች። እግራቸውን አየች። ቃጭሉ የታሰረበትን ደረቅ ሣር በጥሳ አንዴ መታችውና፣ በዝግታ፣ አዳራሽ ባናወጠው በዚያ ሻካራ ድምፅ አወረደች፤

«ጀልባዬን ለማዕበል፣ ጓሮዬን ለጎረቤት፣
ትቼላችሁ ሄድኩኝ፣ ዳገት ሠርቼ ቤት።»

ቃሬዛው ቀና አለ። ማንም አልተቀበላትም፤ ሁሉም ዶክቤን ያያል። እሱም ቴፑን አጠፋው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ኦሆይ፣ እንሂድ!» ብሎ ተቀበላት። ከዚያማ ተራራው ሁሉ ተቀበለ። መቃብሩ አፍ እስኪደርሱ አልቆረጠችም።

አፈሩ ተመልሶ ሰው ሲበተን፣ ኦክጂን ጎንበስ ብላ ሣር ነቀለች። ሳታስበው ሣሩን ወደ ቀኟ፣ አባቷ ይቆም ወደነበረበት ዘረጋችው።

እጇ ጥቂት ቆየ። ከዚያ መለሰችውና የቃጭሉን ምላስ ራሷ አሰረችው።